ኦቲዝም ላለበት ታዳጊ መኪና መንዳት ማስተማር፦ በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ቤተሰቦች

ኦቲዝም ያለበት ታዳጊ መኪና መንዳት ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ጥያቄ በሐኪም ወረቀት ብቻ አይመለስም። አሜሪካ ውስጥ ኦቲዝም በራሱ መንጃ ፈቃድ አያስከለክልም፤ የሚመዘነው ልጁ መሪ ጨብጦ መንገድ ላይ የሚያሳየው ብቃት ነው። አንዱ በ17 ዓመቱ ፈቃዱን ይይዛል፣ ሌላው በ23፣ ሌላው ደግሞ ሳይነዳ በአውቶቡስና በባቡር ራሱን ችሎ ይኖራል። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ግን ጥያቄው በቶሎ ይመጣል፤ ከከተማው ወጣ ሲባል ሥራውም ኮሌጁም ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ያለ መኪና የሚደረስበት አይደለም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሰፊ ምርምር ካደረጉት አንዱ በፊላደልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ ያለው የጉዳት ምርምርና መከላከያ ማዕከል ነው። ማዕከሉ የኒው ጀርሲን መዝገቦች መርምሮ በ2017 ባወጣው ጥናት፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ከሌለባቸው ኦቲዝም ያለባቸው ወጣቶች መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ እስከ 21 ዓመታቸው መንጃ ፈቃድ ማግኘታቸውን ደርሶበታል፤ በሌሎች ወጣቶች ዘንድ ቁጥሩ 83.5 በመቶ ነው። ትልቅ ልዩነት ነው። ሆኖም የመለማመጃ ፈቃድ (ፐርሚት) ለማውጣት ከበቁት መካከል ከ10 ዘጠኝ ያህሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ፈቃዱን ይዘዋል። በ2021 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ኦቲዝም ያለባቸው አዲስ አሽከርካሪዎች የሚደርስባቸው አደጋ ከሌሎቹ እኩዮቻቸው የማይበልጥ ሆኖ አግኝቶታል። ከልክ ባለፈ ፍጥነት የሚያደርሱት አደጋ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ወደ ግራ ሲታጠፉ፣ ዩ ተርን ሲያደርጉ፣ ለሌላ መኪና ወይም ለእግረኛ ቅድሚያ መስጠት ሲገባቸው ግን ከሌሎቹ በበለጠ ይጋጫሉ።

ይህ ውጤት ሥልጠናው የት ላይ መጠንከር እንዳለበት ይናገራል። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ወጣቶች የተጻፈ ሕግ ያከብራሉ፤ የፍጥነት ወሰኑ 35 ከሆነ ለእነሱ 35 ነው። ብዙዎቹ ለጓደኛ ለመታየት ብለው አይፈተለኩም፣ የሄዱበትንም መንገድ በቀላሉ አይረሱም። የሚከብዳቸው ያልተጻፈው ነው። ፍሬቻ ሳያሳይ ሊታጠፍ ያሰበ መኪና ፍጥነቱን ሲቀንስ ሐሳቡን መረዳት፣ የእግረኛ ማቋረጫ ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው ሊገባ ነው ወይስ ስልኩን እያየ ነው ብሎ መገመት፣ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ሲመጣ የቱ እንደሚቀድም መለየት በየትኛውም መጽሐፍ ተዘርዝሮ አልቀረበም። የወላጅና የአሠልጣኝ ሥራ ይህንን ያልተጻፈ ነገር ልጁ ሊያየው፣ ሊቆጥረውና ደጋግሞ ሊለማመደው በሚችል ደረጃ መተንተን ነው።

ዕድሜው ስለደረሰ ብቻ መጀመር አያስፈልግም። ብስክሌት መንዳት መቻሉ፣ ሰው የሚበዛበትን መንገድ ብቻውን ማቋረጡ፣ የዕለቱ ፕሮግራም በድንገት ሲለወጥ ራሱን መቆጣጠሩ፣ ስህተቱ ሲነገረው ሳይፈነዳ ወይም ሳይዘጋ እርማቱን መቀበሉ ከዕድሜው ይልቅ ብዙ ይናገራሉ። ከነዚህ መካከል የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል፤ መኪና ውስጥ እርማት በየደቂቃው አለና። መንዳት መፈለጉም ከራሱ አፍ መሰማት አለበት። ከኦቲዝም ጋር አብረው የሚገኙ ነገሮችም ይታያሉ። የሚጥል በሽታ ካለ ያለ መናድ ሊያልፍ የሚገባው ጊዜ በየክፍለ ግዛቱ ሕግ የተወሰነ ስለሆነ፣ ከማንም በፊት ሐኪሙን ማማከር ይገባል። ትኩረት የማጣት ችግር ካለና መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ልምምዱ መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል።

ጥርጣሬ ላለበት ቤተሰብ ሁነኛው እርምጃ የአሽከርካሪ ማገገሚያ ባለሙያ ዘንድ ቀርቦ ማስመዘን ነው። ብዙዎቹ ባለሙያዎች የኦኩፔሽናል ቴራፒ ሥልጠና ያላቸው ሲሆኑ፣ መጀመሪያ ቢሮ ውስጥ እይታን፣ የምላሽ ፍጥነትንና ትኩረትን ይለካሉ፤ ቀጥሎ ከአሠልጣኙ በኩል ተጨማሪ ፍሬን ባለው መኪና ልጁን መንገድ ላይ ያወጡታል። ምዘናው ርካሽ አይደለም፣ የጤና ኢንሹራንስም ብዙውን ጊዜ አይሸፍነውም። ስለዚህ ክፍያውን ከመፈጸም በፊት በቨርጂኒያ ዳርስ፣ በሜሪላንድ ዶርስ ተብለው የሚጠሩትን የክፍለ ግዛቱን የማገገሚያ አገልግሎት መሥሪያ ቤቶች መጠየቅ ያስፈልጋል። መንዳቱ ለሥራ የሚያስፈልግ መሆኑ ከታመነበት ወጪውን በከፊል ወይም በሙሉ የሚችሉበት ጊዜ አለ።

ትምህርት ቤቱም በነፃ የሚገኝ በር ነው። አይኢፒ (ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ተማሪ የሚዘጋጅ የግል የትምህርት ዕቅድ) ያለው ተማሪ ከ16 ዓመቱ ጀምሮ ከትምህርት በኋላ ለሚጠብቀው ሕይወት የሚያዘጋጅ ዕቅድ እንዲኖረው የፌዴራል ሕግ ያዛል፤ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ይህንን ከ14 ዓመት ይጀምሩታል። መጓጓዣ የዚያ ዕቅድ አካል መሆን ስለሚችል፣ ለመንዳት የሚያዘጋጁ ግቦች በጽሑፍ እንዲሰፍሩ ወላጅ መጠየቅ ይችላል። ስብሰባው ላይ እንግሊዝኛው የሚያስቸግር ከሆነ ትምህርት ቤቱ በራሱ ወጪ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጁን ራሱን ወይም እህቱን አስተርጓሚ ማድረግ የተለመደ ቢሆንም ጥሩ አይደለም፤ ስለ ልጁ ድክመት የሚነገረውን ራሱ ልጁ እንዲተረጉም ማድረግ ይሆናል።

ሕጉ በሦስቱ አካባቢዎች ይለያያል። ቨርጂኒያ ውስጥ ፐርሚት በ15 ዓመት ከ6 ወር ይወጣል፤ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ቢያንስ 9 ወር ይዞት መቆየትና 45 ሰዓት መለማመድ አለበት፣ ከዚህም ውስጥ 15ቱ ሰዓት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በ15 ዓመት ከ9 ወር ተጀምሮ 9 ወር ይቆያል፣ ልምምዱ 60 ሰዓት ሲሆን 10ሩ ማታ ነው። ዲሲ በ16 ዓመት ያስጀምራል፤ 6 ወርና 40 ሰዓት ይጠይቃል። እነዚህ ሰዓቶች ዝቅተኛ ወሰን ናቸው። ኦቲዝም ላለበት ልጅ እጥፉን ወይም ከዚያ በላይ ማሰብ ይሻላል፤ ፐርሚቱ ሁለት ዓመት ኪስ ውስጥ ቢቆይ የሚጎዳው ነገር የለም። ለጽሑፍ ፈተናው የተለየ ሁኔታ፣ ለምሳሌ ጥያቄው በድምፅ እንዲነበብለት ወይም ጸጥ ያለ ቦታ እንዲሰጠው የሚፈልግ ቤተሰብ ከቀጠሮው ቀን በፊት ደውሎ ማስታወቅ አለበት።

ሥልጠናው ሞተር ከመነሣቱ በፊት ይጀመራል። ልጁ ከሾፌሩ ጎን ባለው ወንበር ይቀመጥና የሚያየውን ጮክ ብሎ ይናገራል፦ «መብራቱ አረንጓዴ ነው፣ ቆይቷል፣ ሊለወጥ ይችላል። በስተቀኝ የቆመ መኪና አለ፣ ጎማው ወደ ውጭ ዞሯል።» ወላጁም እየነዳ የራሱን ሐሳብ ይናገራል፤ ለምን ፍጥነት እንደቀነሰ፣ ቀጥሎ ምን እንደጠበቀ። ለወራት ያህል ወደ ገበያና ወደ ትምህርት ቤት በተሄደ ቁጥር ይህንን ማድረግ ምንም አያስወጣም፤ ውጤቱ ግን ብዙ የመለማመጃ ሰዓት የሚያህል ነው። ወላጁም ልጁ ምን እንደሚያይና ምን እንደሚያመልጠው ያውቃል። አንዳንዱ ልጅ ምልክቶችን ሁሉ አንብቦ ሰዎቹን ጨርሶ አይጠቅስም፤ የት ላይ መሥራት እንደሚገባ ያኔ ግልጽ ይሆናል።

ማን ያስተምር የሚለው በአበሻ ቤት ውስጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዋሽንግተን አካባቢ ብዙ አባቶች በታክሲና በኡበር ሥራ ዓመታት ያሳለፉ፣ ከዚያም በፊት አዲስ አበባ ላይ በጥሩምባና በዓይን ጥቅሻ እየተግባቡ የነዱ ጎበዝ ሾፌሮች ናቸው። ጎበዝ ሾፌር ግን እጁና እግሩ ራሳቸው የሚሠሩትን ለማስረዳት ይቸገራል፤ «እንዴት አታየውም?» ማለትም ይቀናዋል። ልጁ አላየውም፤ ጥያቄው መልስ የለውም፣ የሚጨምረው ድንጋጤን ብቻ ነው። ስለዚህ ድምፁን ከፍ የማያደርገው ሰው ያስተምር፣ እናትም ትሁን አጎት ወይም ታላቅ እህት። ጥሩ አሠልጣኝ ለመቅጠር አቅም ካለ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ለእሱ ትቶ ቤተሰቡ ልምምዱን ቢይዝ ይመረጣል። ልጁ የወላጁን አነዳድ እንደሚመዝንም ማወቅ ይገባል። ስቶፕ ምልክት ላይ ሳይቆም ሸርተት ብሎ የሚያልፍ አባት «ሕጉ ሙሉ በሙሉ ቁም ይላል» የሚል ተቃውሞ ይገጥመዋል፤ ልክ ልጁ ነው፣ እንዲታረም የሚገባውም አባቱ ነው።

መኪናው አውቶማቲክ ይሁን፤ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት መኪና። የመጀመሪያዎቹ ልምምዶች እሑድ ጠዋት ባዶ በሆነ ሰፊ ፓርኪንግ ውስጥ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ብቻ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ይሂዱ፦ ዛሬ ፍሬን ረግጦ ልስልስ ብሎ መቆም፣ ሌላ ቀን መስመር ሳይለቁ መታጠፍ። ከመነሣት በፊት የዕለቱ ሥራ በወረቀት ይጻፍና ልጁ እንዲያየው ይደረግ፤ ሲያልቅ ማለቁን እንዲያውቅ። ትእዛዙ አጭርና ምን ጊዜም በተመሳሳይ ቃላት ይሁን። ፈታኙ በእንግሊዝኛ ስለሚናገር፣ ቤት ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ቢሆንም የመንዳት ትእዛዙ ፈታኙ በሚጠቀምበት አነጋገር ቢለመድ ልጁ በፈተናው ቀን አይደናገርም። «ቀስ በል» ከማለት «ወደ 25 አውርድ» ማለት ይሻላል፤ ቀስ የሚባለው ስንት እንደሆነ ልጁ በምን ያውቃል?

ወደ ግራ መታጠፍ ለብቻው ሳምንታት ይገባዋል። የመጀመሪያው ደረጃ አረንጓዴ ቀስት ባለበት መገናኛ ብቻ መታጠፍ ነው። ቀስት በሌለበት መታጠፍ ግን ከፊት ለፊት የሚመጣውን መኪና ርቀትና ፍጥነት መገመት ስለሚጠይቅ፣ መጀመሪያ መኪናው ቆሞ ይለመድ። ወላጅና ልጅ መገናኛው አጠገብ ባለ ፓርኪንግ ውስጥ ቁጭ ብለው የሚመጡትን መኪኖች ያያሉ። ልጁ «አሁን መግባት ይቻላል» ወይም «አይቻልም» ይላል፤ ከዚያ ያ መኪና መገናኛው ላይ እስኪደርስ ሰከንዱን ይቆጥራሉ። መታጠፉ የሚፈጀው ጊዜም በሌላ መኪና ላይ ይለካል። ልጁ በራሱ ዓይን ያረጋገጠውን ቁጥር ያምናል፤ «በቂ ቦታ አለ» ከሚለው ቃል ይልቅ በዚያ ይመራል። ቀጥሎ እግረኛው ይጨመራል፤ የሚታጠፉበትን መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ለመኖሩ ሁለተኛ ጊዜ መታየት አለበት፣ ብዙ አደጋ የሚደርሰው መኪናውን ብቻ ተመልክቶ በመግባት ነውና። ከኋላ የሚነፋ ጥሩምባ ምክንያት እንደማይሆን፣ ማንም ቢቸኩል መቆየት እንደሚፈቀድ አስቀድሞ ይነገረው። እስኪጠነክር ድረስም ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ ታጥፎ እዚያው መድረስ ይቻላል፤ ይህ ሽንፈት አይደለም፣ ብዙ ጥሩ ሾፌሮች የሚያደርጉት ነው።

በአራቱም በኩል ስቶፕ ያለበት መገናኛ ሌላ ዓይነት ፈተና አለው። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ቀድሞ የቆመ ቀድሞ ይሄዳል፣ እኩል ከቆሙ በቀኝ ያለው ይቀድማል። ሰው ግን ተራው ሳይሆን ይገባል፣ ወይም ተራው ሆኖ እጁን አወናጭፎ ሌላውን ያሳልፋል። ልጁ በዚህ ጊዜ ይደርቃል፤ መጽሐፉ አንድ ነገር ይላል፣ ሰውየው ሌላ። የሚሰጠው ደንብ አጭር ይሁን፦ ሌላው ሕጉን ከጣሰ አሳልፈው፤ ሌላው ካሳለፈህ ደግሞ ግራ ቀኙን ራስህ አይተህ ባዶ መሆኑን አረጋግጥና ሂድ።

ያልታሰበ ነገርም የሚለመደው እንዲህ ባለ አጭር ደንብ ነው። የአምቡላንስ ሳይረን ሲሰማ ወደ ቀኝ ጠርዝ ወጥቶ መቆም፣ የትራፊክ መብራት ሲጠፋ መገናኛውን በአራቱም በኩል ስቶፕ እንዳለበት መቁጠር፣ የተማሪ አውቶቡስ ቀይ መብራቱን ሲያበራ መቆም፣ መንገድ ሲዘጋ ጂፒኤሱ ሌላ እስኪያወጣ ድረስ አስተማማኝ ቦታ ላይ መጠበቅ፤ እያንዳንዱ በአንድ ትንሽ ካርድ ላይ ይጻፍ፣ ቤት ውስጥ ይነበብ፣ ከዚያ መንገድ ላይ ወላጁ «አሁን ከኋላ ሳይረን አለ» ብሎ ያስመስል። የስሜት ሕዋሳት ጫናም በዚሁ መንገድ ይዘጋጅለታል። የዝናብ መጥረጊያው ጩኸት፣ ከፊት የሚመጣ ሃይለኛ መብራት፣ የምሽት ፀሐይ፣ ከኋላ ወንበር የሚንጫጩ ሕፃናት ለአንዳንዱ ልጅ ከትራፊኩ በላይ ያደክማሉ። መነጽር፣ የጠፋ ሬዲዮ፣ ባዶ የኋላ ወንበር ብዙ ያቀላሉ። ከአቅሙ በላይ ሲሆንም ልጁ የሚናገረው አንድ የተስማሙበት ቃል ይኑር፤ ቃሉ ሲነገር ልምምዱ ያለ ጥያቄና ያለ ወቀሳ ይቆማል።

የፖሊስ ጉዳይ ተለይቶ ሊሠራበት ይገባል። ዓይን ለዓይን አለማየት፣ ዘግይቶ መመለስ፣ እጅን ማወዛወዝ ለማያውቅ ፖሊስ አደንዛዥ ዕፅ የወሰደ ወይም እምቢ ያለ ሰው ሊያስመስለው ይችላል። ልጁ ጥቁር ሲሆን የዚህ ስህተት ዋጋ እንደሚከብድ ወላጆቹ ስለሚያውቁ ዝም ብለው አይተዉት። ልምምዱ ቤት ደጃፍ ላይ በቆመ መኪና፣ በማታ ይደረግ። ወላጁ በባትሪ መብራት ከኋላ ይመጣል፣ መስኮቱን ያንኳኳል። ልጁ ሞተሩን ያጠፋል፣ የውስጥ መብራቱን ያበራል፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ ያደርጋል፣ «ኦቲዝም አለብኝ፤ ወረቀቶቼ እዚህ አሉ፣ ላውጣቸው?» ይላል፣ ፈቃድ እስኪሰጠው ምንም አይነካም። ብርሃኑ ዓይኑ ላይ ሲያርፍ፣ ድምፁ ከበድ ሲል፣ ጥያቄው ሲደጋገም እስኪለምደው ይመላለሱበት። ኮኔቲከት በ2020 የጀመረችውና ሌሎች ክፍለ ግዛቶች የተከተሉት የሰማያዊ ፖስታ አሠራርም አለ፦ መንጃ ፈቃዱ፣ የመኪናው ምዝገባና የኢንሹራንስ ካርዱ ፖስታው ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ውጪው ላይ ለፖሊሱም ለአሽከርካሪውም የተጻፈ መመሪያ አለ። በሚኖሩበት ቦታ ይህ መኖሩን መንጃ ፈቃድ የሚሰጠውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ የፈለገ ሰው በሐኪም ማረጋገጫ ኦቲዝም እንዳለበት የሚያሳይ መለያ ፈቃዱ ላይ ማስፈር ይችላል። እዚህ ላይ «ሰው ምን ይላል» የሚለው ፍርሃት ከኢትዮጵያ ጀምሮ አብሮ የመጣ ነው። በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችው ዘሚ የኑስ ዕድሜዋን የታገለችው ይህንኑ ነበር። መለያው የሚያየው ፖሊስ እንጂ ጎረቤት አይደለም፤ ውሳኔው ግን የልጁ ይሁን።

ለመንገድ ፈተናው መሥሪያ ቤቱን ቀድሞ መጎብኘት፣ በዙሪያው ያሉትን መንገዶች መለማመድ፣ ሰው የማይበዛበትን ሰዓት መምረጥ ይረዳል። ቢወድቅ ሁለተኛው ቀጠሮ መቼ እንደሚሆን አስቀድሞ ይንገሩት፤ መውደቅ በዕቅዱ ውስጥ ያለ ነገር ሲሆን አያፈርሰውም። በቨርጂኒያ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ወጣት ቋሚ ፈቃዱን የሚቀበለው ፍርድ ቤት ቀርቦ ከዳኛ እጅ ነው፤ አዳራሹ፣ ሕዝቡና ወረፋው ምን እንደሚመስሉ ካልተነገረው ቀኑ ያስጨንቀዋል።

ፈቃዱ ከወጣ በኋላ መንገዶቹ አንድ በአንድ ይከፈታሉ። መጀመሪያ ትምህርት ቤት ወይም ሥራ፣ በቀን፣ ብቻውን። ቀጥሎ ሌላ መንገድ፣ ከዚያ ማታ፣ በመጨረሻ እንደ 495 ያለ ሃይዌይ። የመኪና ኢንሹራንሱ ውስጥ ስሙ መግባቱ ይረጋገጥ። ነዳጅ መቅዳትና ጎማ መንፋት ሳይቀር አብረውት ሠርተው ያሳዩት። ግጭት ቢደርስ የሚያደርገው ነገር በቅደም ተከተል ተጽፎ የጓንት ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጥ፦ መኪናውን ማቆም፣ የአደጋ መብራት ማብራት፣ የተጎዳ ካለ 911 መደወል፣ ፎቶ ማንሣት፣ የሌላውን ሾፌር ኢንሹራንስ መቀበል፣ ከዚያ ወደ ቤት መደወል።

ከወራት ልምምድ በኋላም መንዳቱ አስተማማኝ ካልሆነ ማቆም ይቻላል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላም እንደገና መጀመር። እስከዚያው የዋሽንግተን ሜትሮ ለአካል ጉዳተኞች በነፃ የሚሰጠው የጉዞ ሥልጠና አለ፤ በባቡርና በአውቶቡስ ብቻ መሄድ የማይችል ሰው ደግሞ ብቁነቱ ተመዝኖ ከቤት ደጅ የሚያነሣውን ሜትሮአክሰስ የተባለውን አገልግሎት ያገኛል። ማመልከቻው በሐኪም ወይም በሌላ የጤና ባለሙያ የሚሞላ ክፍል ስላለው፣ ለመንዳት ምዘናው የተሰበሰቡትን ወረቀቶች ለዚያም ማስቀመጥ ጊዜ ይቆጥባል።